የዱመርሶ ቡናና አዲስ ዕቃን ለገበያ የማዘጋጀት ዘዴ

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ የሞያሌን መንገድ ይዞ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ ሰው፥ ወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የለቀማ ጊዜ ከሆነ፥ ረዣዥም የእንጨት አልጋዎች ተዘርግተው፥ በላያቸውም ቡና ለፀሐይ ተሰጥቶ፥ በዙሪያቸው ሴቶች ቆመው ሲለቅሙና ሲያገላብጡ ያያል። ቡናው የሚበቅለው ከእንሰት ጋራ ተሰባጥሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የጌዴኦ ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሰው ይህ የእርሻ ጥበብ የሚታይበት ምድር በ2023 ዓ.ም. «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ዱመርሶም ከእነዚህ የቡና ቀበሌዎች አንዷ ናት።

ዱመርሶ የሚለው ስም ዛሬ በውጭ አገር ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ ታትሞ ይገኛል። ለአስተዋይ ነጋዴ ግን የሚያስገርመው የስሙ መታተም አይደለም፤ በዚያው በአንዱ ስም የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዐይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ ከረጢት የታጠበ ቡና ነው፤ ሲጠጡት የአበባና የሎሚ ቃና አለው። ሁለተኛው ሳይታጠብ ከነሥጋው የደረቀ ነው፤ እርሱ ደግሞ የእንጆሪን ጣዕም ያስታውሳል። ዛፉ አንድ፥ ለቃሚው አንድ፥ ወደ ጣቢያው የሚያመጣውም መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ፥ ዕቃውን ሁለት ያደረገው ከሚዛኑ ወዲያ የተሠራው ሥራ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ነጋዴ ወይም ማኅበር በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ዘንድሮ ከዚህ እሸት ምን እንሥራ? እንደ ቀድሞው አጥበን እንሽጥ? ከነሥጋው እናድርቅ? ፈልፍለን ሙጫው ሳይታጠብ እናድርቀውና ፈረንጆች «ሃኒ» የሚሉትን ዐይነት እናውጣ? (ማር የሚሉት ሙጫውን ነው እንጂ ማር የሚባል ነገር አይገባበትም።) ወይስ አየር በማይገባበት በርሜል አብላልተን እንሞክር? እያንዳንዱ ለዚያ ጣቢያ አዲስ ዕቃ ነው። አዲስ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ገዢ ያገኛል ወይም አያገኝም።

የዚህ ንግድ ክፉ ዕድል ዓመት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ መሆኑ ነው። ሳሙና የሚሠራ ፋብሪካ ዛሬ ያበላሸውን ነገ ያስተካክለዋል። ቡና ያበላሸ ግን የሚመጣውን ጥቅምት ይጠብቃል። ያበላሸውም የራሱን ብቻ አይደለም። በጌዴኦ የገበሬው ይዞታ ጥቂት ስለሆነ፥ አንድ ጣቢያ የሚሰበስበው እሸት የብዙ መቶ ቤተ ሰቦች የዓመት ድካም ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁት ገበሬዎችማ ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ የትርፍ ክፍፍል የሚጠብቁ ናቸውና፥ ቡናው ዋጋ ሲያጣ ጉዳቱ እስከ ልጆቻቸው ደብተርና እስከ ቤታቸው ክዳን ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ እንዴት በትንሽ ወጪና በትንሽ ጉዳት ይፈተናል የሚለው ጥያቄ ለዱመርሶና ለጎረቤቶቿ የምሁራን ጨዋታ አይደለም።

በውጭው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የታሰበበት መልስ ከሰጡት ወገኖች በግንባር የሚጠቀሱት የጃፓን መኪና ሠሪዎች ናቸው። ዘዴያቸውን በ1988 ዓ.ም. ጆን ክራፍሲክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ሊን» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ስብ የሌለበት ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ጮማው የወጣለት ቀይ ሥጋ እንደማለት ነው። ጮማ የተባለውም ገዢው ዋጋ የማይከፍልበት ድካም ሁሉ ነው። ያለ ጥቅም መጠበቅ፥ ያለ ትእዛዝ ማብዛት፥ ከቦታ ቦታ ማመላለስ፥ ያበላሹትን መልሶ መሥራት ይህን የመሰለው ሁሉ ብክነት ይባላል።

ባለሱቆች ይህን ሲሰሙ የፋብሪካ ነገር ነው ብለው እንዳይንቁት አንድ ነገር እናስታውሳቸው። የቶዮታን የአሠራር ሥርዐት ካቆሙት ዋነኛው ታይቺ ኦኖ፥ ክፍሎችን በሚያስፈልጉበት ጊዜና መጠን ብቻ የማቅረብን ሐሳብ ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች መሆኑን ራሱ ጽፏል። ደንበኛው ከመደርደሪያው የሚያነሣው በሚፈልገው ጊዜ የሚፈልገውን ያህል ነው፤ ባለሱቁም የሚተካው የተነሣውን ብቻ ነው። የዚያ ሁሉ የመኪና ሥራ ፍልስፍና ሥሩ የሱቅ መደርደሪያ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ትምህርት የታወቀው «ካይዘን» በሚለው ስም ነው። በ2008 ዓ.ም. በዮኮሃማ ከተማ የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት እርዳታ ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ፤ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መጀመሪያ በጥቂት ድርጅቶች ፈትኖ ቀጥሎ መሥሪያ ቤት ማቆም ራሱ የትምህርቱን መንፈስ የተከተለ አካሄድ ነበረ። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ካይዘን ሲባል ወደ ሰው አሳብ የሚመጣው መጋዘን ማጽዳት፥ መሣሪያን በቦታው መስቀል፥ በግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ መለጠፍ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዘዴው ከቆየ ሥራ ይልቅ ገና ባልተሠራ ዕቃ ላይ ሲውል የሚሰጠው ጥቅም የሚበልጥ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ስሕተት እጅግ ርካሽ የሚሆነው ገና በመጀመሪያው ላይ ሲገኝ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ፕሪየስ የተባለው መኪና ነው። ቶዮታ ሥራውን በ1993 ዓ.ም. ሲጀምር ግቡ ለመጪው ዘመን የሚሆን፥ ነዳጅ የሚቈጥብ መኪና መሥራት ነበረ። ኀላፊነቱ ታኬሺ ኡቺያማዳ ለተባለ፥ ከዚያ በፊት የአንድ መኪና ዋና መሐንዲስ ሆኖ ለማያውቅ ሰው ተሰጠ። ነዳጅና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚሠራ ሞተር እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ መሐንዲሶቹ ወዲያው አንዱን መርጠው አልሮጡም፤ ወደ 80 የሚጠጉ ልዩ ልዩ አማራጮችን ዘርዝረው፥ በፈተና እያጣሩ፥ ጥቂቶቹን ብቻ እስኪቀሩ ድረስ አቆዩ። በመጨረሻ በአንዱ ቆረጡ። መኪናው በታኅሣሥ 1997 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ብዙ አማራጭ ማየት ጊዜ የሚፈጅ ቢመስልም፥ እያንዳንዱ ፈተና በትንሹና በርካሹ ከተደረገ ያፈጥናል እንጂ አያዘገይም፤ ቸኩሎ አንዱን መርጦ ትልቅ ወጪ ያወጣ ሰው ከመንገድ መመለስ ያቅተዋልና።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ፤ የዚህ ነገር የራሱ ታሪክ በዚያም አለና።

በኢትዮጵያ ከ1970ዎቹ በፊት ለውጭ የሚላከው ቡና በአመዛኙ ከነሥጋው እየደረቀ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የማጠቢያ ጣቢያዎች ሲተከሉ የታጠበ ቡና ለይርጋ ጨፌ አዲስ ዕቃ ሆነ፤ ስሟን በዓለም ያስጠራውም እርሱ ነው። ከዚህ የተነሣ ያልታጠበው ቡና ወደ ኋላ ቀረ። ቀይ እሸት ለጣቢያው ይሰጣል፤ የተረፈው፥ ከመሬት የተለቀመው፥ ዛፍ ላይ የደረቀው ደግሞ ጀንፈል ሆኖ በርካሽ ይሸጣል። ያልታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ዝቅተኛ ነው የተባለው፥ ስለዚህ፥ በተፈጥሮው አልነበረም፤ የሚሠራው ከተናቀ ፍሬ ስለነበረ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ከቀድሞ ጀምሮ በቡና ንግድ የታወቀው የባገርሽ ቤተ ሰብ ልጅ አቶ አብዱላህ ባገርሽ ይህን ልማድ ገለበጡት። በይርጋ ጨፌ አጠገብ በምትገኘው በኢዲዶ፥ ለማጠቢያው ይገባ የነበረውን ምርጥ ቀይ እሸት ወስደው፥ በአልጋ ላይ በስሱ አስጥተው፥ ሳያቋርጡ እያስገላበጡና እያስለቀሙ ከነሥጋው አደረቁት። «ምስቲ ቫሊ» በሚል ስም ወደ አሜሪካ የሄደው ይህ ቡና በዚያ ባሉት የልዩ ቡና ቆዪዎች ዘንድ ከፍ ያለ ዝና አገኘ። አዲስ መኪና አልተገዛም፤ አዲስ የቡና ዘርም አልተተከለም። አዲስ የነበረው አንድ ግምት ተይዞ መፈተኑና፥ የቀማሹ ቃል ወደ አልጋው መመለሱ ነው።

ይህ መመለስ የሚለው ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አዲስ ዕቃ የሚሠራው በሠሪውና በጠጪው መካከል በሚመላለስ ቃል ነው። ሠሪው ናሙና ይልካል፤ ጠጪው «ይህ ከሯል»፥ «ያኛው ጥሩ ነው ግን ከጆንያ ጆንያ ይለያያል» ብሎ ይመልሳል፤ ሠሪውም እጁን ያርማል። ይህ ምልልስ ከተቋረጠ ሠሪው የሚሠራው በጨለማ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቡና በእርሱ በኩል እንዲሸጥ ሲደነገግ የሆነውም ይኸው ነው። ምርት ገበያው ያመጣውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። አቅራቢው ገንዘቡን ቶሎ የሚያገኝበት፥ የዕለቱ ዋጋ ለሁሉ የሚታወቅበት፥ ሚዛንና ደረጃ የሚታመንበት ሥርዐት ሆኗል። ዲላም መጋዘን ነበረው። ነገር ግን ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ከመሰሎቹ ጋራ ሲቀላቀል የጣቢያው ስም ጠፋ። የቶኪዮው ወይም የፖርትላንዱ ቡና ቆዪ የወደደውን ቡና ማን እንደሠራው ማወቅ አልቻለም፤ ሠሪውም ቡናው የት እንደደረሰና ምን እንደተባለለት አልሰማም። ልዩ ሆኖ የመሥራት ዋጋ ለራስ ካልተመለሰ ማን ይደክማል? የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸው እርሻ ያላቸው አልሚዎች በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው፥ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማኅበራቱን ስም ይዞ ለመቆየት ችሏል። ለግል አቅራቢው ግን በሩ የተከፈተው ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጣቢያ ቡናውን በስሙ ለይቶ፥ ገዢውንም በስሙ አውቆ መሥራት ይችላል።

የተከፈተው በር የት እንደሚያደርስ በ2020 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተደረገ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በፓውንድ 407 ዶላር ተሸጠ። ይህም ቡና ሳይታጠብ ከነሥጋው የደረቀ ነበረ። ይህን ዋጋ የጠቀስነው ሰው ሁሉ ያገኘዋል ለማለት አይደለም፤ ለጥቂት ጆንያ የተከፈለ የውድድር ዋጋ ነው። እንዲያውም ጉዳት ያደረሰ አይጠፋም እንላለን። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ያለ ፈተና፥ ያለ ገዢ፥ የዓመቱን እሸት በሙሉ ወደ አልጋ ወይም ወደ በርሜል የሚያስገባ ሰው ይነሣልና።

ስለዚህ ነገሩን በቍጥር እንየው። የሚከተለው ለማስረዳት የተቀመጠ ምሳሌ ነው። አንድ ጣቢያ በወቅቱ 120,000 ኪሎ እሸት ይሰበስባል እንበል። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ስለሚወጣው፥ ጠቅላላው 20,000 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህም ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 የሚይዘውን አንድ ኮንቴይነር ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ባለቤቱ አራት ዐይነት አዲስ አሠራር መሞከር ቢፈልግና ለእያንዳንዱ 300 ኪሎ እሸት ቢመድብ፥ የሚያወጣው 1,200 ኪሎ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ 50 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይገኛል። ለአንድ ገዢ የሚላክ ናሙና 350 ግራም ቢሆን፥ ለአሥር ገዢዎች ሦስት ኪሎ ተኩል ይበቃል። አራቱም ሙከራ ቢከሽፍ እንኳ የጠፋው ከመቶ አንድ ነው፤ የከሸፈውም ቡና ቢሆን ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጣል። ከአራቱ አንዱ ቢወደድ ግን ባለቤቱ ለሚመጣው ዓመት በገዢ የተረጋገጠ ዕቃ ይዟል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ሦስት መቶ ኪሎ በአልጋ ላይ የሚያሳየው ጠባይ ሠላሳ ሺህ ኪሎ ከሚያሳየው ጠባይ አንድ አይሆንም፤ ጥቂት ቡናን መንከባከብ ቀላል ነው፤ የብዙው ፈተና ዝናብ ሲመጣ ይታያል። እውነት ነው። ስለዚህ የተወደደው ዐይነት በሁለተኛው ዓመት ወደ ሙሉ ኮንቴይነር አይዘልም፤ ወደ አሥር ወይም ሃያ ጆንያ ያድጋል እንጂ። ያን ጊዜ የሚፈተነው ጣዕሙ አይደለም፤ ጣቢያው ያንኑ ጣዕም ደጋግሞ ማውጣት መቻሉ ነው። ውጭ አገር ያለ ቡና ቆዪም የሚፈራው መጥፎ ቡናን ብቻ አይደለም፤ አምና ወድዶ ለደንበኞቹ ያስለመደው ቡና ዘንድሮ ሌላ ሆኖ መምጣቱን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ብክነት ግን በገንዳውም በአልጋውም ላይ አይገኝም። በቢሮ ነው የሚገኘው። ናሙናው ከዲላ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ ሳምንታት ይተኛል። ቀማሹ ሥራ በዝቶበታል፤ ፈቃድ ሰጪው አልመጣም፤ የፖስታው ሂሳብ አልተፈቀደም። ቡናው ሲደርቅ ሦስት ሳምንት የፈጀውን ያህል ናሙናው ሲጠብቅ ሁለት ወር ይፈጃል። ቀማሹ ቃሉን በሚሰጥበት ጊዜ ለቀማው አልቋል፤ ጣቢያውም ተዘግቷል። ካይዘን የተማሩ ሰዎች ሠራተኛው ስንት እርምጃ እንደሚራመድ በሰዓት ይለካሉ፤ አንድ ናሙና በስንት ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንዳደረ የሚለካ ግን ብዙም አላየንም። ላኪዎች በመዝገባቸው ላይ ሁለት ቀን ብቻ እንዲጽፉ እንመክራለን፤ ናሙናው ከአልጋ የተነሣበትንና የቅምሻው ቃል ወደ ጣቢያው የተመለሰበትን። በመካከሉ ያለውን ቍጥር አይቶ የማይደነግጥ ጥቂት ነው።

ለዚህም ሲባል የመጀመሪያው ቅምሻ በቅርብ ይደረግ። ገና የደረቀ ቡና አርፎ እስኪረጋ ድረስ ጣዕሙን ሙሉ በሙሉ እንደማይገልጥ ቀማሾች ያውቃሉ፤ የሆመጠጠውንና የሻገተውን ግን በመጀመሪያው ቀን ይለዩታል። የውጭው ገዢ መልስ ለሚመጣው ዓመት ይጠቅማል፤ የዲላው ወይም የአዲስ አበባው ቀማሽ መልስ ግን ለሚመጣው ሳምንት ይጠቅማል። በደጋው ያለው ቡና ዘግይቶ ስለሚበስል፥ በኅዳር የታወቀ ስሕተት በታኅሣሥ ሊታረም ይችላል።

ሌላው ጕዳይ የኀላፊነት ነው። አዲስ ዐይነት ቡና ሲሞከር ሚዛኑ ላይ አንድ ሰው፥ ገንዳው ላይ ሌላ፥ አልጋው ላይ ሌላ፥ ሽያጩ ደግሞ አዲስ አበባ ባለ በአራተኛው እጅ ይሆናል። ቡናው ሲበላሽ እያንዳንዱ ወደ ቀዳሚው ይጠቁማል። ቶዮታ ለአንድ መኪና አንድ ዋና መሐንዲስ የሚያቆመው ስለዚህ ነው፤ ከደንበኛው ፍላጎት እስከ መጨረሻዋ ብሎን መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው አለ። በጣቢያችንም ለአንድ ሙከራ አንድ ሰው ቢሾም፥ እርሱም እሸቱ ከማን እንደተገዛ፥ በስንት ሰዓት እንደገባ፥ ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ፥ ዝናብ በየትኛው ቀን እንደጣለ፥ በስንት እርጥበት እንደተነሣ በአንድ ገጽ ቢጽፍ፥ ያ ገጽ ከጆንያው ዋጋ አያንስም። ብዙ ጊዜ ግሩም ቡና ይወጣና እንዴት እንደወጣ የሚያውቅ ይጠፋል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ እርሳስ ጉድለት ባከነ ማለት ነው።

ጉድለት ሲታይ ሥራ ማቆምም ከዚሁ ጋራ ይሄዳል። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ዓ.ም. ያወጣው የሽመና መኪና አንድ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበረ፤ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይቀጥልም። የእኛ የሽመና መኪና የእሸት መቀበያው ሚዛን ነው። ጥሬው ከበሰለው፥ ተንሳፋፊው ከሰጣሚው ያልተለየ እሸት ወደ አዲሱ ሙከራ ከገባ የኋላው ትጋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ቡናው ሲበላሽ አሠራሩ ይሁን እሸቱ ጥፋተኛው አይታወቅም። ያልበሰለውን ለመመለስ የሚያስችል ሥልጣን ለሚዛኑ ሠራተኛ ይሰጠው። ተወዳዳሪ ጣቢያ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሁሉንም እየተቀበለ ሳለ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ለሙከራው በሚመደበው በ1,200 ኪሎ ላይ ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ አለብን። ብክነትን ማስወገድ ስስት አይደለም። አንዳንድ ባለ ጣቢያዎች ወጪ ቀነስን ሲሉ የመጀመሪያው የሚቀንሱት በአልጋው ዙሪያ የሚቆሙትን ለቃሚ ሴቶች ነው። ገዢው ዋጋ የሚከፍለው ግን በትክክል ለእነዚያ ሴቶች ዐይንና ጣት ነው። ከነሥጋው የሚደርቅ ቡና ከ15 ቀን እስከ አንድ ወር በአልጋ ላይ ይቆያል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተገላበጠ ይቦካል፥ ይሻግታል። ቀን የሚያቃጥለው ፀሐይ ሲመጣ መሸፈን፥ ሌሊት ጤዛ ሲወርድ መሸፈን አለበት። ይህ ድካም ቀይ ሥጋው ነው እንጂ ጮማው አይደለም። ጮማው በቢሮው የሚተኛው ናሙና፥ ያልታዘዘው ኮንቴይነር፥ ሁለት ጊዜ የሚበጠረው ቡና ነው። ውሃም በዚሁ ሂሳብ ይታሰብ፤ ማጠቢያ ጣቢያ ብዙ ውሃ ይፈጃል፥ የሚወጣው ፍሳሽም ወንዝ ያበላሻል። ጥቂት ውሃ የሚፈልግ አሠራር ገዢ ካገኘ ለጣቢያውም ለታችኛው መንደርም ጥቅም ነው።

ደግሞም ሙከራው በገዢ ፍላጎት ይጀምር እንጂ በወሬ አይጀምር። በርሜል ውስጥ የተብላላ ቡና በአሁኑ ጊዜ በውጭ ገበያ ብዙ ይወራለታል። አንዳንዱ ገዢ ይሻዋል፤ አንዳንዱ ግን የይርጋ ጨፌን ቡና የሚገዛው ለአበባ መዓዛው ነውና፥ መዓዛው በርሜል ውስጥ ሲቀበር ከንፈሩን ይመጣል። የትኛው ገዢ የእኔ ነው ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የሁለት መስመር ደብዳቤ እንጂ የበርሜል ግዢ አይፈልግም። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም የሁሉ ነው፤ መንግሥታችን ይህንና የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ብዙ ደክሞ፥ በ2007 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ላይ እስከ መድረስ ሄዷል። ያልተፈተነ ቡና በዚያ ስም ጭኖ የሚልክ ሰው የጎረቤቱንም ገበያ ያበላሻል።

አስመጪዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የእርጥበት መለኪያ፥ የአልጋ መረብ፥ የጥላ ልብስ፥ አየር የማያስገባ ከረጢት ሁሉ ለጣቢያዎች አስፈላጊ ሆነዋል። አንድ አስመጪ ከእነዚህ አንዱን በኮንቴይነር ከማዘዙ በፊት አምስት ስድስቱን አምጥቶ በጌዴኦ ላሉ ጥቂት ጣቢያዎች ለአንድ ወቅት ቢያውስ፥ መረቡ በዝናብና በፀሐይ እንዴት እንደሚሆን፥ መለኪያው ለእሸቱም ለደረቁም ይሠራ እንደሆነ ከተጠቃሚው አፍ ይሰማል። ሄዶ በዐይኑ ቢያይ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል፤ በካታሎግ ላይ ግሩም የሚመስል ዕቃ የአልጋውን ስፋት ሳይመጥን ሊቀር ይችላልና።

የተቆላና የተፈጨ ቡና አሽጎ መሸጥ የሚያስብ ባለሱቅም እንዲሁ ያድርግ። ብዙ ሰው የሚጀምረው አሥር ሺህ ከረጢት በማሳተም ነው፤ ስሙ ከተቀየረ ወይም መጠኑ ካልተወደደ ያ ሁሉ ወረቀት መጠቅለያ ይሆናል። በእጅ የተጻፈ መለያ የተለጠፈበት ሃያ ከረጢት በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፥ ባለ ሩብ ኪሎው ነው ወይስ ባለ ግማሽ ኪሎው ቀድሞ የሚያልቀው ብሎ ማየት በአንድ ሳምንት ይቻላል። ያልገዛውን ደንበኛ ለምን እንዳልገዛ መጠየቅም አይከፈልበትም።

ለዘንድሮ ለቀማ ይህን ሊሞክር የሚያስብ ሰው ካለ ጊዜው እንዲህ ይመደባል። በሐምሌና በነሐሴ አልጋዎቹ ሲጠገኑ ለሙከራው የሚሆኑት አራት አጫጭር አልጋዎች ተለይተው ቍጥር ይጻፍባቸው፤ ለገዢዎችም ደብዳቤ ይላክ። በመስከረም ሰውየው ይሾም፥ የመዝገቡም ገጽ ይዘጋጅ። እሸቱ በጥቅምት ሲመጣ የመጀመሪያው ሦስት መቶ ኪሎ ወደ አንደኛው አልጋ ይግባ፤ በሳምንቱም ሁለተኛው። ቀማሹ በኅዳር የሚቀምስበት ቀን ከአሁኑ በቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ናሙናውን ከዱመርሶ ዲላ የሚያደርሰው ሰውም ከአሁኑ ይታወቅ።